የጋሽ ይመር ሸሪፎች

ባለፈው ዓመት ብርዱ በገባ ሰሞን የእመቤቴን ሁለት ሴት ልጆች ሲኒማ ላደርስ ወደ አንድ ትልቅ የገበያ ሕንጻ ወሰድኳቸው። በዚህ በሪያድ ከተማ ሠላሳ ዓመት ያህል ሹፌር ሆኜ ስኖር ሰው ያላደረስኩበት ቦታ የለም፤ ሆስፒታል፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ አውሮፕላን ማረፊያ። ሲኒማ ቤት ሰው ማድረስ የጀመርኩት ግን በእርጅናዬ ነው። ድሮ የት ነበርና! ልጆቹ «ዐሚ ሰይድ፣ አጎታችን፣ መኪና ውስጥ አትቀመጥ፣ ይበርድሃል» ብለው እስከ አዳራሹ ይዘውኝ ገቡ። የፈንዲሻው ሽታ ከነቅቤው አፍንጫዬን ሞላው። ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትልቅ ሥዕል አየሁ። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ ደረቱ ላይ የኮከብ ምልክት የሰካ ሰውዬ እጁን ሽጉጡ አጠገብ አንጠልጥሎ ቆሟል። አንድ የድሮ የካውቦይ ፊልም አድሰው በዚያ ሳምንት እያሳዩ ኖሯል። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ አፍጥጬ ስቀር አይታ «ዐሚ፣ ትኬት ልቁረጥልህ?» አለችኝ። «ለእኔ አይሆንም ልጄ» አልኳትና አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ይመር ትዝ አሉኝ። ትዝ አሉኝ ስል ረስቻቸው ነበር ማለቴ አይደለም። ሐሳቤ ወደ እሳቸው በሄደ ቁጥር ቶሎ እየመለስኩት ነበር የኖርኩት።

ያኔ ሪያድ ሌላ ከተማ ነበረች። ሻዋርማ በሁለት ሪያል ይበላል፤ ለዚያውም ሥጋው ከቂጣው ተርፎ ወረቀቱ ላይ የሚዘረገፍ። በየመንገዱ የሚርመሰመሱት አሮጌ ሚኒባሶች ከባጥሐ እስከ ዐዚዚያ በሁለት ሪያል ያደርሱሃል፤ በራቸው ግን አይዘጋም፣ አንድ እጅህን ለብረቱ፣ አንድ እጅህን ለአላህ ሰጥተህ ነው የምትሄደው። እኛ ጎረምሶቹ ሱሪያችን ወገቡ ላይ የተሸበሸበ፣ ሸሚዛችን ትከሻው የሰፋ፣ ጸጉራችን በቅባት የሚያብረቀርቅ ነበር። ዘፈን የምንሰማው ከሀገር ቤት በመጣ ሰው ሻንጣ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ ከሚገባ ካሴት ነው። ካሴቱ ሲባዛ፣ የተባዛው ደግሞ ሲባዛ፣ ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስል ነበር፤ እኛ ግን ያንኑ እየሰማን እንባችንን እንጠርጋለን። ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ ጥርት ብሎ ይሰማል። እንባው የት እንደገባ እንጃ።

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። በዑምራ ቪዛ ገብቼ፣ አብረውኝ የመጡት ሲመለሱ የቀረሁ ነበርኩ። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም። ዐዚዚያ ውስጥ አንድ ጋራዥ የመኪና ቀለም እፍቅ ነበር። ማታ እዚያው የመኪና ወንበር ላይ እተኛለሁ። በኋላ ባለቤቱ «ፍተሻ ቢመጣብኝ በአንተ የተነሳ እቀጣለሁ፤ ሥራህን ሥራ፣ ማደሪያ ግን ሌላ ፈልግ» አለኝ። ጥግ የሰጡኝ ጋሽ ይመር ናቸው።

ጋሽ ይመር የባቲ ሰው ናቸው። መንፉሐ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ፣ ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ነበራቸው። ወረቀታቸው ሙሉ ነው፣ ከፊላቸውም፣ ማለትም ዋስ የሆናቸው የአገሩ ሰው፣ ደግ ነበር። የሚሰፉት ቶብ የሚባለውን የወንዶች ነጭ ረጅም ቀሚስ ሲሆን፣ የሠፈሩ ፖሊስ መኮንን ሳይቀር የዒድ ልብሱን ለሌላ ሰው አይሰጥም ነበር። ያን ጊዜ ወደ ሃምሳው ይጠጋሉ። ጀርባቸው እንደ ችካል ቀጥ ያለ፣ ሲራመዱም አፈሩን ረገጥ ረገጥ የሚያደርጉ ነበሩ። «ወታደር ቤት ሳይኖሩ አልቀሩም» ይባባላል ሰዉ፤ ደፍሮ የጠየቃቸው ግን የለም።

ከስፌት ቤቱ ኋላ አንድ ክፍል ነበረች፤ ቴሌቪዥን፣ ቪዲዮ ማጫወቻ፣ ውሃ እያንጠባጠበ የሚነፍስ የገለባ ማቀዝቀዣ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አሥራ አምስትም ሃያም ሆነን እዚያች እንታጨቃለን፤ ግንበኛው፣ ሊስትሮው፣ ከመቀሌ የመጡት ሁለት ክርስቲያን ወንድማማቾች፣ ሁላችንም። በግራ በኩል፣ የተጣጠፈው ጨርቅ አጠገብ፣ የወር ፈቃድ የወጡ የቤት ሠራተኞች እህቶቻችን ዐባያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይቀመጣሉ። ፊልሙ ሁልጊዜ የካውቦይ ነው። ጋሽ ይመር የውጭ ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ የሚጥሏቸውን ካሴቶች ከባጥሐ እየለቀሙ ይገዛሉ፤ ሽፋኑ ላይ ኮከብና ፈረስ ከሌለ አይነኩትም። አንድ ቀን አንዱ የሕንድ ፊልም አምጥቶ እንክፈተው ቢል «ያ ወሬ ነው ልጄ፤ ይኼ ፍርድ ነው» ብለው መለሱለት።

ፊልሙን የሚተረጉሙልን እሳቸው ነበሩ። ቆመው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ። ሸሪፉ፣ ያ ኮከብ የሰካው ሕግ አስከባሪ፣ መጠጥ ቤቱን በእግሩ ከፍቶ ይገባና ዝም ብሎ ያያል። ጋሽ ይመር ድምፃቸውን ጎርነን ያደርጋሉ፤ «'ሰላም ለዚህ ቤት' አለ። 'ለጠብ አልመጣሁም። ግን እዚህ ውስጥ የድሀ ከብት የነዳ አለ' አለ።» ሽፍታው ትንባሆውን ተፍቶ አንዲት ቃል ይናገራል። ጋሽ ይመር ያቺን ቃል ይዘው ሩብ ሰዓት ይሄዳሉ፤ «'ወላሂ አልነዳሁም! ከብቱ ራሱ ወዶኝ ተከተለኝ እንጂ' አለ።» ቤቱ በሳቅ ይናጋል። መልክዐ ምድሩም ያግዛቸዋል፤ ያ ቀይ ገደል፣ ያ አቧራ፣ ያ ቁልቋል፣ ከባቲ ወደ ሚሌ ሲወርዱ ያለው አገር ቁርጥ። እኛ አሜሪካን አይተን አናውቅም፤ በእሳቸው አፍ ግን አሜሪካ ወሎ ነበረች።

አንድ ጠባይ ነበራቸው። ሸሪፉና ሽፍታው ባዶ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሲቆሙ፣ እጃቸው ወደ ሽጉጡ ሲጠጋ፣ ጋሽ ይመር ቴፑን ቀጭ አድርገው ያጠፉታል። «ከዚህ በኋላ ሽማግሌ ገባ፤ ታረቁ። ኸላስ።» እንጮሃለን፣ እናፏጫለን፣ አንዳንዱ ይሳደባል። እሳቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ጨርቃቸውን ይዘረጋሉ። ለሚቀጥለው ዓርብ ግን ማንም አይቀርም።

ዘይነባን ያወቅኳት እዚያ ነው። ሱለይማኒያ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሠራተኛ ነበረች፤ የሐይቅ ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች። ሁላችንም ዝም ስንል የምትስቅ፣ ሁላችንም ስንስቅ ዝም የምትል ልጅ ነበረች። አንድ ዓርብ ከሌሎቹ ጋር ወደ ሚኒባሱ ስንሸኛቸው ጠጋ ብላ «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም አታውራ» አለችኝ።

«ምን?»

«እሳቸው የሚሉት አንዱም ፊልሙ ውስጥ የለም። ከብት የሚባል ነገር አልተነሳም። የባንክ ጉዳይ ነው።»

ደነገጥኩ። «ለምን አልተናገርሽ ታዲያ?»

«የእሳቸው ይሻላላ» አለች፤ እየሳቀች። ትንሽ ሄድ ብላ ቆመችና «ግን መጨረሻውን ለምንድን ነው የሚደብቁት?» አለች።

በወሩ ስትመለስ ያየነው ፊልም አብሮ አደጎች ስለሆኑ ሁለት ሰዎች ነበር። አንዱ ሸሪፍ ይሆናል፣ አንዱ ይሸፍታል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሳያል፤ አብረው ዓሣ ሲያጠምዱ፣ አንዱ የሌላውን ቁስል ሲያስር። ያን ቀን ጋሽ ይመር ትርጉሙን ቀነሱት፤ ቀልዱም ጠፋ። ሸሪፉ ወንዝ ዳር አድፍጦ፣ ሽፍታው ፈረሱን ውሃ ሊያጠጣ ሲመጣ፣ ጋሽ ይመር እንደለመዱት እጃቸውን ወደ ማጥፊያው ሰደዱ።

«ጋሽ ይመር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ» አለች ዘይነባ ከጥግ፤ «ዛሬን ብቻ መጨረሻውን ያሳዩን።»

«አዎ! አዎ! ዛሬ ብቻ!» ሁሉም ተቀባበለ። እኔም ጮኽኩ፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ።

እጃቸው ማጥፊያው ላይ ቀረ። ከዚያ ዘወር ብለው ለቀቁት። ሸሪፉ ጓደኛውን በስሙ ጠራው፤ ሽፍታው ዘወር ሲል ተኮሰበት። ያን ጊዜ ተርጓሚ አላስፈለገንም። ዘወር ስንል ጋሽ ይመር ቤቱ ውስጥ አልነበሩም።

ቅያሱ ውስጥ፣ ጥላ ያለበት ግንብ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«ፖሊስ ነበርኩ» አሉኝ። «ሐሰን የሚባል አብሮ አደግ ነበረኝ። ባንድ ቀን ነው የተገረዝነው። በድንበር ጠብ ሰው ገደለና ሸፈተ። ወራት ፈልገው አጡት። በመጨረሻ አለቃዬ ጠራኝ። 'አንተ ጥራው፤ ድምፅህን ካወቀ ይወጣል። እጁን ይሰጣል፣ ፍርዱን ያገኛል፣ ማንም አይነካውም' አለኝ። አመንኩት። ወንዙ ዳር ቆሜ 'ሐሰኔ!' ብዬ ተጣራሁ። ከቁጥቋጦው የወጣው እየሳቀ ነው። ብቻዬን የመጣሁ መስሎታል።»

ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው እጃቸው ላይ መጠቅለል ያዙ።

«ከኋላዬ ነው የተኮሱት። እኔ አልተኮስኩም። ሰዉም 'አንተ ምን አደረግክ' ይለኛል። ጥይቱ ምን ያደርጋል ልጄ፤ ባልጠራው መች ይወጣ ነበር?»

ከዚያ ቀን በኋላ መጨረሻውን ያሳዩን ያላቸው የለም። እኔ ለማንም ባልነግርም ሰዉ ፊታቸውን አይቶ ተረድቶት ነበር መሰለኝ። ሸሪፍና ሽፍታ እንደ ድሮው በሽማግሌ መታረቅ ቀጠሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከተማው ውስጥ ፍተሻ ጠነከረ። ዐዚዚያ ያሉት ጋራዦች አብዛኞቹ በራቸውን ገርበብ አድርገው ይሠሩ ጀመር፤ እኔም ሥራ ትቼ ጋሽ ይመር ቤት ተሸሸግሁ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ጋሽ ይመር የስፌት መኪናቸው ላይ ሆነው እየሰፉ፣ እኔ ከኋላ ክፍል ቁልፍ እየተከልኩ ሳለ፣ ቅያሱ አፍ ላይ መኪና ሲቆም ሰማሁ። የቡት ኮቴ። መርፌውን ጥዬ በጓሮው ደረጃ ወደ ጣሪያው ሮጥኩና ከውሃው ታንከር ኋላ ቆምኩ። መሐሉ ክፍት ግቢ ስለሆነ ከታች የሚነገረው ሁሉ አጠገቤ የሚነገር ያህል ይሰማኛል።

የገባው ያ የዒድ ልብሱን የሚያሰፋው መኮንን ነበር፤ ከሁለት ወታደሮች ጋር። ሰላምታውን ከነሙሉ ምርቃቱ አቀረበ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይኼን የምለው ከልቤ ነው።

«ይመር» አለ፤ «አንተ ንጹሕ ሰው ነህ። ወረቀትህ ሙሉ ነው። ካንተ ጋር ጠብ የለኝም። ኢቃማ የሌለው ልጅ እዚህ እንደሚያድር ተነግሮኛል። ቤትህን ማተራመስ አልፈልግም። ጥራው። ድምፅህን ሲሰማ ይወጣል። እሱ ወደ አገሩ ይሄዳል፣ አንተ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። ኸላስ።»

የስፌት መኪናው ጎማ እየዞረ ዞሮ ሲቆም ሰማሁ።

«አልጠራም» አሉ።

«የለም ነው የምትለኝ ወይስ አልጠራም?»

«አልጠራም ነው ያልኩህ።»

«ይመር፣ ራስህን አታጥፋ። ካገኘሁት ወይም ዕቃውን ካገኘሁ ተርሒል ታስረህ የምትባረረው አንተ ነህ። ሕጉን ታውቃለህ። ይኼ ሁሉ ዓመት የለፋህበት ቤት ነው።»

«ያላ፣ ፈልግ» አሉት። «እኔ ግን ሰው በስሙ ጠርቼ አላወጣም።»

ከታንከሩ እስከ ደረጃው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አሥር እርምጃ ተራምጄ «ይኸው፣ እዚህ ነኝ» ብል፣ ምናልባት እሳቸው ይቀሩ ነበር። ይኼን ያን ጊዜም አውቄዋለሁ፤ በኋላ የመጣልኝ ሐሳብ አይደለም። እግሬ አልነቀል አለ። እናቴን አሰብኩ፣ የመጣሁበትን መንገድ አሰብኩ፣ ባዶ እጄን ስመለስ ታየኝ። ከታች ፍራሼንና ሻንጣዬን ሲጎትቱ፣ ፓስፖርቴን ሲያገኙ ሰማሁ። አንዱ ወታደር ወደ ጣሪያው ወጣ። ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቼ ተኛሁ። በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ፀሐይዋን ተራግሞ ወረደ። ጋሽ ይመርን ሲወስዷቸው በግንቡ ቀዳዳ አየሁ። ጅምር ቶቡን ከስፌት መኪናው ላይ አውጥተው፣ አጥፈው፣ የባለቤቱ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ላዩ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

ሁለት ሳምንት ተርሒል ቆይተው ወደ አገር ቤት ተላኩ። ዘይነባ በእመቤቷ ሹፌር በኩል አንድ ሻንጣ ልብስ ልካላቸዋለች። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ «ያን ቀን ባጥሐ ሄጄ ነበር፤ ስመለስ ቤቱ ታሽጎ አገኘሁ» እል ነበር። ለዘይነባም ያንኑ ነገርኳት።

ከዚያ ኑሮ መልሶ ያዘኝ። ወረቀት የሌለው ወረቀቱን የሚያስተካክልበት የምሕረት ጊዜ ወጣ፤ ከኤምባሲው ምትክ ፓስፖርት አወጣሁ፤ ዘይነባ ለእመቤቷ ነግራልኝ፣ ሹፌራቸው ሊሄድ ነበርና እኔ ተተካሁ። ተጋባን። በግቢው ዳር ያለችውን ክፍል ሰጡን። ልጃችን ዛሬ ደሴ ነርስ ናት። መንፉሐም ተለወጠ፤ ያኔ የነበሩት የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፣ የኛም ሰው በኋላ በመጣ አንድ የአፈሳ ሰሞን ታፍሶ ሄዶ፣ ደግሞ ሌላ ትውልድ መጥቶ ተተክቷል። አንዳንድ ጊዜ በዚያ ሳልፍ መኪናውን አላቀዘቅዝም። ሠላሳ ዓመት በሙሉ አላቀዘቀዝኩም።

ያን ቀን ከሲኒማው ልጆቹን መልሼ ወደ ክፍላችን ስገባ ዘይነባ ልብስ ትተኩስ ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ጣሪያውን፣ የሰማሁትን፣ ያልወረድኩትን። ካውያውን አቁማ ሰማችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?» አለች በመጨረሻ። «ጋሽ ይመር በሕይወት አሉ። የአክስቴ ልጅ ባቲ እሳቸው ዘንድ ልብስ አሰፍቷል። ለሳቸው ንገር።»

«በስልክ?»

«በስልክ ይባላል እንዲህ ያለ ነገር? ሂድ።»

ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ባቲ ገበያው ዳር፣ አንዲት በር ያላት ስፌት ቤት ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል፤ አንድ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፣ ያ ቀጥ ያለ ጀርባ ጎብጧል። በድምፄ አወቁኝ። «ሰይዶ!» አሉ። አንገቴን አቅፈው ሦስት ጊዜ ትከሻዬን ሳሙ፣ ስለ ዘይነባ ጠየቁ፣ ስለ ልጄ ጠየቁ። ሴት ልጃቸው ሻይ አምጥታ ወጣች። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ የመጣሁበትን ነገር አላወጣሁትም። ከዚያ መሬት መሬት እያየሁ ጀመርኩ።

«ጋሽ ይመር፣ ያን ቀን ባጥሐ ሄጄ ነበር እያልኩ ለሰው ሁሉ ያወራሁት ውሸት ነው። ጣሪያው ላይ ነበርኩ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ልወርድ እችል ነበር፤ አልወረድኩም።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ቀና አልኩ።

«ጥላህ ግቢው ግድግዳ ላይ ወድቆ ነበር። መኮንኑ ጀርባውን ሰጥቶት ነው እንጂ ለእኔ ፊት ለፊት ነበር። እሱ ሲናገር እኔ ጥላህን ነበር የማየው። እየተንቀጠቀጠ ነበር።»

«ታዲያ... አልተቀየሙኝም?»

«ምን ነካህ ልጄ? ያን ሁሉ ጊዜ ዱዓ የማደርገው እንዳትወርድ ነበር። ብትወርድብኝ ኖሮ እኔ ምን ይቀረኝ ነበር? ድምፄን ሰምተህ የወጣህ ሁለተኛው ሰው ትሆን ነበር እኮ፤ ሳልጠራህም ቢሆን። አንተ እዚያ በመቅረትህ አንድ ሰው አተረፍክልኝ። አገሬ ስገባ ኪሴ ባዶ ነበር፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ወስዶኛል።»

እጄን ፈልገው ያዙና ጨበጥ አደረጉት።

«አንተስ? ትተኛለህ?»

በሌላው እጄ የቀዘቀዘውን ሻይ አንስቼ ጠጣሁ።

«በል እንግዲህ» አሉ፤ «ከዛሬ ጀምሮ አንተም ተኛ።»